ዝምታ ሲነቅዝ



«ማፊያ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ከመካከላችን የለም። በሰፈራችን አንድ ብልጣ ብልጥ ነጋዴ ሲያጋጥመን «እሱ እኮ ማፊያ ነው» እንላለን፤ አንዳንዴም እንደ ሙገሳ። ፊልሞቹ ደግሞ ሱፉን ግጥም አድርጎ የለበሰ፣ ቃሉን የሚያከብር፣ ቤተሰቡን የሚወድ፣ ደሃ የማያስነካ ሰው አድርገው ያሳዩናል። የቃሉን ምንጭ ተከትለን ወደ ሲሲሊ ደሴት ስንሄድ ግን የሚያጋጥመን ሌላ ታሪክ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። ያልተናገሩት ነገር መዘዝ አያመጣም ማለታቸው ነው። ሲሲሊያውያንም ይህን የሚመስል ልማድ ነበራቸው፤ «ኦሜርታ» ይሉታል። ያዩትን አላየሁም፣ የሰሙትን አልሰማሁም ማለት፣ ወንድም እንኳ ቢገደል ለፖሊስ አለመናገር ነው። ይህን ታሪክ ላካፍላችሁ የወደድኩት ዝምታም እንደ እህል እንደሚነቅዝ ስላየሁበት ነው። ሲነቅዝም የሚበላው ዝም ያለውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ከተማንም፣ መንግሥትንም፣ ቤተ ክርስቲያንንም ይበላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሎሚ እርሻ የተነሣ ኃይል

ሲሲሊ በጣሊያን ደቡባዊ ጫፍ ያለች፣ ከሜዲትራኒያን ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት። የባላባት ሥርዓት በ1812 በሕግ ቢቀርም ባለመሬቶቹ ከተማ ተቀምጠው መሬታቸውን በተከራዮችና በታጠቁ ጠባቂዎች ያስተዳድሩ ነበር። በ1860 ጋሪባልዲ ከነጦሩ ደሴቲቱ ላይ ወርዶ ሲሲሊ ከአዲሲቱ ጣሊያን ጋር ስትቀላቀል ሕዝቡ ብዙ ተስፋ አደረገ። የመጣለት ግን ግብርና የግዳጅ ውትድርና ነበር። ፍርድ ቤቱ ሩቅ፣ ፖሊሱም ባዳ ሆነበት። ሰው መንግሥትን ካላመነ ንብረቱን ማን ይጠብቅለት?

ጥያቄው ይበልጥ የከበደው በፓሌርሞ ከተማ ዙሪያ በነበሩት የሎሚ እርሻዎች ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኞቹን ከስከርቪ በሽታ ለመጠበቅ ሎሚ መስጠት ከጀመረ ወዲህ የሲሲሊ ሎሚ ገበያው ደርቶ ነበር፤ በኋላም ወደ አሜሪካ ሳይቀር በመርከብ ይጫን ጀመር። ሎሚ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል፤ ውኃውም በሰዓቱ መድረስ አለበት። አንድ ክፉ ሰው ውኃውን ቢዘጋ ወይም በአንድ ሌሊት ዛፎቹን ቢቆርጥ የብዙ ዓመት ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ባለ እርሻው ጠባቂ ይቀጥራል። ችግሩ ጠባቂውና ሌባው አንድ ማኅበር መሆናቸው ላይ ነበር።

በ1872 ጋስፓሬ ጋላቲ የተባለ የፓሌርሞ ሐኪም ከዘመዶቹ የተላለፈ የሎሚ እርሻ ማስተዳደር ጀመረ። እርሻውን የሚጠብቀው ሰው ከሽያጩ ከመቶ 20 እስከ 25 እጅ ለራሱ ያስቀር እንደነበር ደረሰበትና አባረረው። አዲስ ጠባቂ ቀጠረ፤ በ1874 ጠባቂው በጥይት ተገደለ። ሌላ ቀጠረ፤ እሱም በጥይት ተመታ። የዛቻ ደብዳቤ ተከታተለ። ጋላቲ ለፖሊስ ቢያመለክትም የሚረዳው አላገኘም፤ መርማሪው ራሱ ከሰዎቹ ጋር ሳይሆን እንደማይቀር ጠረጠረ። በ1875 ቤቱን፣ እርሻውንና በሽተኞቹን ትቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ናፖሊ ሸሸ። ከዚያም የደረሰበትን ሁሉ ጽፎ ሮም ላለው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ላከ።

ወዳጆቼ፣ የማፊያን ሥራ በአጭሩ መረዳት ከፈለጋችሁ ይህን የሎሚ እርሻ አስታውሱ። ማፊያ የሚሸጠው ጥበቃ ነው፤ የሚጠብቅህ ደግሞ ከራሱ ነው። አደጋውን የሚፈጥረውም መድኃኒቱን የሚሸጠውም አንድ ሰው ነው። ይህ ግብር ከጊዜ በኋላ «ፒዞ» ተብሎ ከእርሻ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ፋብሪካ ተዛመተ።

ከእርሻ ወደ ምክር ቤት

አንድ ተራ ዘራፊ መንግሥትን ይሸሻል። ማፊያ ግን መንግሥትን ይፈልገዋል። የመሣሪያ ፈቃድ፣ የተዘጋ ፋይል፣ የመንግሥት ሥራ ጨረታ፣ ከእስር የሚያስፈታ ስልክ ያስፈልገዋል። ፖለቲከኛው ደግሞ ድምፅ ይፈልጋል። የአንድን መንደር ፍርሃት በእጁ የያዘ ሰው የመንደሩንም ድምፅ ይይዛል። ስለዚህ ሁለቱ ተገናኙ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የእኛ ተረት ሲሲሊም ውስጥ የሚሠራ ነበር።

ይህን ውል አልቀበልም ያሉ ሰዎች አልጠፉም። ኢማኑኤሌ ኖታርባርቶሎ የፓሌርሞ ከንቲባ፣ በኋላም የሲሲሊ ባንክ ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። የባንኩ ገንዘብ ለባለሥልጣናት ወዳጆች እንዳይዘረፍ በብርቱ ታገሉ። የካቲት 1 ቀን 1893 በባቡር ሲጓዙ በጩቤ ተወግተው ተገደሉ፤ ሬሳቸውም ከባቡሩ ተወረወረ። በማስገደል የተጠረጠረው ራፋኤሌ ፓሊዞሎ የተባለ የምክር ቤት አባል ነበር። ልጃቸው ለዓመታት ፍትሕ ሲፈልግ ኖሮ በ1902 የቦሎኛ ፍርድ ቤት ፓሊዞሎን ጥፋተኛ አለው። ነገር ግን ውሳኔው ተሻረና በ1904 ፍሎረንስ ላይ በማስረጃ እጥረት በነጻ ተለቀቀ። ወደ ፓሌርሞ ሲመለስ እንደ ድል አድራጊ ተቀበሉት።

ሙሶሊኒ በ1925 ቼዛሬ ሞሪ የተባለውን የብረት እጅ አስተዳዳሪ ፓሌርሞ ላይ ሾሞ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አሳሰረ። ንጹሑም ከጥፋተኛው ጋር ታሰረ። በ1929 ሥራው ተፈጸመ ተብሎ ሞሪ ተነሣ፤ የማፊያው ሥር ግን አልተነቀለም። በ1943 የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ደሴቲቱን ሲይዝ ካሎጀሮ ቪዚኒን የመሰሉ የማፊያ አለቆች የከተማ ከንቲባ እስከ መሆን ደረሱ። በጉልበት ብቻ የተዘጋ በር ጉልበተኛው ሲሄድ መልሶ ይከፈታል።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን ፓሌርሞ የሄደ ሰው ዛሬም በዓይኑ ያየዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሳልቮ ሊማ ከንቲባ፣ ቪቶ ቻንቺሚኖ የሕዝባዊ ሥራዎች ኃላፊ ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ4,000 በላይ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ከግማሽ የሚበልጠው የወጣው በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ስም ነበር፤ እነዚያም ይህ ነው የሚባል ሀብት የሌላቸው፣ ስማቸውን ብቻ ያዋሱ ሰዎች ነበሩ። «የወርቅ ጎድጓዳ» ይባል የነበረው የሎሚና የብርቱካን ሜዳ በሲሚንቶ ተሸፈነ። በ1959 ቪላ ዴሊዬላ የተባለው ውብ ቤት ቅርስ ተብሎ ሊጠበቅ ሲል ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው አፈረሱት። በጦርነቱ ቦምብ የፈረሰው ጥንታዊው የከተማ ክፍል ደግሞ ለአሥርት ዓመታት እንደ ፈረሰ ቀረ። ማፊያ መንግሥትን ሲይዝ የሚታየው የጥይት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ የጠፋ አትክልት፣ ያልተሠራ ትምህርት ቤት፣ ሚዛን የሌለው ጨረታ ነው።

የፓስተሩ ወረቀት

አሁን ወደ እኛ ቤት የሚጠጋውን ክፍል ላንሣ። ሰኔ 30 ቀን 1963 በፓሌርሞ ዳርቻ ቻኩሊ በተባለ ሰፈር ፈንጂ የተሞላ መኪና ቆሞ ተገኘ። ሊያመክኑት የቀረቡ ሰባት የፖሊስና የጦር ሠራዊት አባላት አለቁ። ከተማው ደነገጠ፤ ግን እንደ ልማዱ ዝም አለ።

በከተማዋ አንዲት ትንሽ የወንጌላውያን ጉባኤ ነበረች፤ የዋልዴንሲያን ቤተ ክርስቲያን ትባላለች። ዋልዴንሲያን ከማርቲን ሉተር በፊት፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በስደት የኖሩ አማኞች ናቸው። የጉባኤዋ መጋቢ ፒዬትሮ ቫልዶ ፓናሻ በከተማው ግድግዳዎች ላይ ወረቀት አስለጠፉ። መግደልን የሚከለክለውን ትእዛዝ የሚያስታውስ፣ ሰዎች ሁሉ ለሰው ሕይወት ክብር እንዲነሡ የሚጠራ ወረቀት ነበር።

ወረቀቱ ሮም ድረስ ተሰማ። ቫቲካን ለፓሌርሞው ካርዲናል ለኤርኔስቶ ሩፊኒ ደብዳቤ ጽፎ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ነገር ብታደርግ አይሻልም ወይ ሲል በጨዋነት ጠየቀ። ካርዲናሉ የፓስተሩን ሥራ ናቁት፤ ማፊያን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ማያያዝም ስም ማጥፋት ነው ብለው መለሱ። በ1964 ባወጡት የሐዋርያዊ አገልግሎት ደብዳቤም የሲሲሊን ስም ያጎደፉ ካሏቸው ነገሮች መካከል ስለ ማፊያ መብዛቱን ወሬ ቆጠሩት።

ይህን የማነሣው ካቶሊኮችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቀጥሎ እንደምታዩት ደሙን ያፈሰሰው የካቶሊክ ካህን ነው። ካርዲናሉም ክፉ ሰው ስለነበሩ አይደለም። ለድሆች ቤት ያሠሩ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ትልቁ ፍርሃታቸው ኮሚኒዝም ነበር፤ ኮሚኒስቶችን የሚያሸንፈውን ፓርቲ የሚጎዳ ነገር እንዲነገር አልፈለጉም። ደግሞም የአገራቸው ስም እንዲጠፋ አልፈለጉም። «ስማችን እንዳይጠፋ» የሚለው ምክንያት ምን ያህል እንደሚመቸን አስቡት። በቤተሰብም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በጉባኤም ስንት ጊዜ ተጠቅመንበታል?

ዝምታውን የሰበሩ

ጁሴፔ ኢምፓስታቶ የተወለደው ከማፊያ ቤት ነው። አባቱ የማፊያ አባል ነበር። ወጣቱ ግን ሬዲዮ ጣቢያ ከፍቶ የትንሿን ከተማ የቺኒዚን አለቃ ጋኤታኖ ባዳላሜንቲን በስሙ እየጠራ ይቀልድበት ጀመር። ግንቦት 9 ቀን 1978 በባቡር ሐዲድ ላይ በፈንጂ በታተኑት፤ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ አሸባሪ አስመሰሉት። እናቱ ፌሊቻ ግን አልተቀበለችም። እንደ ልማዱ ማቅ ለብሳ ዝም ከማለት ይልቅ በሯን ከፍታ ለሚጠይቃት ሁሉ ትናገር ነበር። ባዳላሜንቲ የተፈረደበት በ2002 ነው፤ 24 ዓመት ጠብቃ ፍርዱን አየች።

በ1982 ፒዮ ላ ቶሬ የተባለ የምክር ቤት አባል የማፊያ አባልነትን ራሱን ወንጀል የሚያደርግ፣ በወንጀል የተገኘ ሀብትንም የሚወርስ ሕግ አርቅቆ ነበር። ሚያዝያ 30 ተገደለ። በመስከረም መጀመሪያ ደግሞ ማፊያን እንዲዋጉ የተላኩት ጄኔራል ዳላ ኬዛ ከወጣት ሚስታቸው ጋር መንገድ ላይ ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ነው ምክር ቤቱ ሕጉን ያጸደቀው። ሕጉ በሁለት ሬሳ መካከል ተወለደ ማለት ይቻላል።

በዚያ ሕግ የሠሩት ጆቫኒ ፋልኮኔና ፓኦሎ ቦርሴሊኖ ፓሌርሞ ውስጥ በአንድ ሰፈር ያደጉ ዳኞች ነበሩ። ገንዘብ ዱካ እንደሚተው አውቀው የባንክ ወረቀት ይመረምሩ ነበር። አንዱ ቢገደል ሥራው እንዳይቆም ከባልደረቦቻቸው ጋር መረጃውን እየተካፈሉ በቡድን ሠሩ። በ1984 ቶማዞ ቡሼታ የተባለ የማፊያ ሰው ኦሜርታን ሰብሮ የድርጅቱን አወቃቀር ነገራቸው። የካቲት 10 ቀን 1986 ከ400 በላይ ተከሳሾች የቀረቡበት ትልቁ ችሎት ለዚሁ በተሠራ የኮንክሪት አዳራሽ ተከፈተ። በ1987 ከ300 በላይ የሚሆኑት ተፈረደባቸው፤ 19ኙ ዕድሜ ልክ ነበር። ጥር 30 ቀን 1992 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው።

በዚያው ዓመት ማፊያ ተበቀለ። ፍርዱን ያስቀይርልናል ብለው የጠበቁት የቀድሞው ከንቲባ ሳልቮ ሊማ በመጋቢት ተገደለ። ግንቦት 23 ቀን ፋልኮኔ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲመለሱ ከአውራ ጎዳናው ሥር የተቀበረ ፈንጂ እሳቸውን፣ ሚስታቸውንና ሦስት ጠባቂዎችን ገደለ። በ57ኛው ቀን፣ ሐምሌ 19፣ ቦርሴሊኖ እናታቸውን ሊጠይቁ በር ላይ ሲደርሱ ከአምስት ጠባቂዎች ጋር ተገደሉ።

በፋልኮኔ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ከተገደሉት ጠባቂዎች የአንዱ ሚስት ሮዛሪያ ኮስታ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበች። የ22 ዓመት ወጣት፣ የአራት ወር ሕፃን እናት ነበረች። ገዳዮቹ በዚያ ሕዝብ መካከል ሳይኖሩ እንደማይቀሩ ተናግራ ይቅር እንደምትላቸው፣ ነገር ግን ተንበርክከው መለወጥ እንዳለባቸው በልቅሶ ነገረቻቸው። የፓሌርሞ ሴቶችም ነጭ አንሶላ ላይ ተቃውሞ እየጻፉ በየሰገነታቸው ሰቀሉ። የአልጋ ልብስ ቀላል ነገር ይመስላል። ለመቶ ዓመት መስኮቱን ዘግቶ ለኖረ ከተማ ግን ቀላል አልነበረም።

የዳኞቹ ሥራ ወደ ላይም ደረሰ። ሰባት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጁሊዮ አንድሬዮቲ ተከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እስከ 1980 ጸደይ ድረስ ከማፊያ ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው ቢያረጋግጥም ጉዳዩ በይርጋ የታገደ በመሆኑ አልተቀጡም፤ ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ደግሞ በነጻ ተሰናበቱ።

የብራንካቾው ካህንና የአለቃው መጽሐፍ ቅዱስ

አባ ፒኖ ፑሊዚ ተወልደው ባደጉበት ድሃ ሰፈር በብራንካቾ የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ። ሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚጀመርበት ትምህርት ቤት እንኳ አልነበረውም። ማፊያ ልጆቹን ከመንገድ ላይ ይመለምል ነበር፤ ለአንድ ሥራ ፈት ልጅ ሞተር ብስክሌትና ጥቂት ገንዘብ መስጠት ይበቃል። አባ ፑሊዚ ልጆቹን ሰብስበው ማስጠናት፣ ማጫወት፣ ወላጆችን ይዘው ትምህርት ቤት እንዲሠራ ማመልከት ጀመሩ። ለአካባቢው የሃይማኖት በዓል ከማፊያ ሰዎች የሚመጣውን ገንዘብም አልቀበልም አሉ። መስከረም 15 ቀን 1993፣ 56ኛ የልደት ቀናቸው ላይ፣ በቤታቸው በር ተገደሉ። ገዳዩ በኋላ ሲናዘዝ ካህኑ ወደ እነርሱ ዞረው ፈገግ እንዳሉና እንደጠበቋቸው እንደተናገሩ፣ ያ ፈገግታም እረፍት እንደነሣው መሰከረ።

ከዚህ አጠገብ ሌላ ነገር አኑሩ። የማፊያው ትልቅ አለቃ ቤርናርዶ ፕሮቬንዛኖ 43 ዓመት ተሸሽጎ ኖሮ በ2006 በአንድ የእረኛ ቤት ሲያዝ ከጽሕፈት መኪናው ጋር ብዙ ምልክት የተደረገበት መጽሐፍ ቅዱስ ተገኘ። ለሰዎቹ የሚልካቸው ትእዛዞች በእግዚአብሔር ይባርክህ የሚዘጉ ነበሩ። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስ በአለቃው ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ በካህኑ እጅ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው መጽሐፉን መያዙ አይደለም።

የወጣቶቹ ተለጣፊ

ሊቤሮ ግራሲ በፓሌርሞ የልብስ ፋብሪካ ነበረው። በጥር 1991 ፒዞ እንደማይከፍል ለቀማኞቹ በጋዜጣ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። የነጋዴ ጓደኞቹ ሊያግዙት ሲገባ ስማችንን አጠፋ ብለው ራቁት። በነሐሴ ወር ብቻውን ተገደለ።

ከ13 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 29 ቀን 2004 ማለዳ፣ የፓሌርሞ ሰዎች ሲነቁ ከተማቸው በትንንሽ የመርዶ ወረቀት በሚመስሉ ተለጣፊዎች ተሞልታ አገኟት። ጽሑፉ ፒዞ የሚከፍል ሕዝብ ክብር የሌለው ሕዝብ መሆኑን ይናገር ነበር። የለጠፉት ትምህርታቸውን በቅርቡ የጨረሱ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ትንሽ ቤት ከፍተው ሊነግዱ አስበው ወጪያቸውን ሲያሰሉ «ፒዞ ሲጠይቁንስ?» የሚል ጥያቄ መጣ። አንዳቸውም መልስ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከንግዱ በፊት ጥያቄውን በከተማው ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

እንቅስቃሴው «አዲዮፒዞ» ተባለ፤ ፒዞ ደኅና ሁን እንደ ማለት ነው። ወጣቶቹ የግራሲን ሞት በሚገባ አጥንተውት ነበር። ሰውየው የሞተው ብቻውን ስለቀረ ነው። ስለዚህ ፒዞ የማይከፍሉ ነጋዴዎችን ዝርዝር አወጡ፤ ከእነርሱ ለመግዛት የሚፈርሙ ሸማቾችንም አሰባሰቡ። በጥቂት ዓመታት ነጋዴዎቹ በመቶዎች፣ ሸማቾቹ በሺህዎች ሆኑ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ይህን ነው። በ1996 በወጣው ሕግ መሠረትም ከማፊያ የተወረሰ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ይሰጣል፤ ዛሬ በአለቆቹ እርሻ ላይ የወጣቶች ማኅበራት ስንዴና ወይን ያመርታሉ።

ታሪኩ አላለቀም። የመጨረሻው ታላቅ ተፈላጊ ማቴዮ ሜሲና ዴናሮ 30 ዓመት ተሸሽጎ ጥር 16 ቀን 2023 ፓሌርሞ ውስጥ ክሊኒክ ሲገባ ተያዘ። ይኖር የነበረው ከትውልድ ከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር በማትርቅ ከተማ ነው። ስንት ሰው አይቶት ዝም ብሎ ይሆን?

ወዳጆቼ፣ ከሁላችን ሰማዕትነት አይጠበቅም። ፋልኮኔም ግራሲም የሞቱት ሌሎቹ ጥቂት እንኳ ስላልተናገሩ ነው። ሺህ ሰው ትንሽ ትንሽ ቢደፍር አንድ ሰው ሕይወቱን መክፈል ባላስፈለገው ነበር። ለፈተና መልስ ሲሸጥ፣ ለፊርማ «ሻይ» ሲጠየቅ፣ የኅብረት ሒሳብ ሲዛባ ስታዩ፣ የሎሚው እርሻ ጠባቂ የጀመረው ከዚህ በማይበልጥ ነገር መሆኑን አትርሱ።

ለኅብረት ውይይት፦

1. ካርዲናል ሩፊኒ ዝም ያሉባቸው ሁለት ምክንያቶች የትኞቹ ናቸው? እኛስ ዘንድ በምን መልክ ይታያሉ?

2. ሮዛሪያ ኮስታ ይቅርታንና ንስሐን አንድ ላይ አነሣች። አንዱን ያለ ሌላው ብትናገር ምን ይጎድል ነበር?

3. አዲዮፒዞ ግራሲ ያላገኘውን ምን አገኘ? በሰፈራችሁ አንድ ሰው ብቻውን የቆመለት እውነት አለ?